ኳሷ ከሄደች በኋላ፦ ስለ ድሮ የእጅ ሥራ የፑል ዱላዎች

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ዱላዎች ተመልከቱልኝ። ሁለቱንም ከመጋጠሚያቸው፣ ማለትም ሁለቱ ግማሾች ከሚገናኙበት ቦታ፣ እስከ ግርጌያቸው በጥቁር ጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። አንዱ ከተሠራ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የእጅ ሥራ ነው፤ ሌላው ከፋብሪካ ከወጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ክብደታቸውን አመጣጥኛለሁ። የሁለቱም ሻፍት፣ ማለትም ቀጭኑ የፊት ግማሽ፣ ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት በአንድ ወጥ የተሠራ ነው። ጫፋቸው ላይ ያለውንም ቆዳ ከአንድ ፓኬት አውጥቼ ትናንት ማታ ራሴ ለጥፌዋለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አሁን አልናገርም። ስጨርስ እናንተው ትመቱባቸዋላችሁ።

ዱላ መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድ ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንዱ «እንደ ድሮዎቹ የሚመታ ዱላ ዳግም አይሠራም» ይላል። ሌላው «እንጨት እንጨት ነው፤ የምትከፍለው ለስሙ ነው» ብሎ ይመልስለታል። እኔ የድሮዎቹን ዱላዎች እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ገና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምወዳቸው ግን ብዙ ሰው በሚያወራው ምክንያት አይደለም። ዝናቸው ይገባቸዋል፤ ግን ዝናው የተንጠለጠለው ያለቦታው ነው። ሰዎች «ኳሷን ልዩ አድርጎ ይልካታል» ይላሉ። እኔ ደግሞ የድሮ ዱላ ትልቁን ሥራውን የሚሠራው ኳሷ ከሄደች በኋላ ነው እላለሁ። እንዴት እንደሆነ ላስረዳችሁ፤ መጀመሪያ ግን የሠሩትን ሰዎች እናንሳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

የቢሊያርድ ዱላ ለረጅም ዘመን ጫፉ ባዶ እንጨት ነበር። ኳሷን ከመሃሏ ወጣ አድርጎ ለመምታት የሞከረ ሰው ዱላው አዳልጦት ያፍር ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ፍራንሷ ሚንጎ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን፣ ታስሮ በነበረበት ጊዜ ጨዋታውን ሲያጠና ከርሞ፣ ጫፉ ላይ ቆዳ ማድረግን አስፋፋ። ፋልሶ የምንለው ነገር ሁሉ፣ ኳስን ወደ ኋላ መመለሱም ሆነ ወደ ጎን ማሽከርከሩ፣ በእርግጠኝነት የሚሠራው ከዚያች ቁራጭ ቆዳ ወዲህ ነው። ስለ ቆዳው ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ እሱ ነውና።

ዱላን ለአንድ ተጫዋች በልኩ የመሥራት ጥበብ በአሜሪካ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የሺካጎው ኸርማን ራምቦ ነው። ለረጅም ዓመታት የቢሊያርድ ዕቃ በሚያመርተው በብሩንስዊክ ኩባንያ ሠርቷል። በኋላም ለራሱ ደንበኞች፣ ለታላቁ የቢሊያርድ ሻምፒዮን ለዊሊ ሆፒ ጭምር፣ ዱላ ሠርቷል። በ1967 ሲሞት ዕድሜው ሰማንያን አልፎ ነበር፤ እስከ እርጅናውም ከቶርኖው አልራቀም። ሰዎች ከሩቅ አገር ሄደው ወረፋ ይጠብቁት ነበር።

ከዚያ ጆርጅ ባላቡሽካ ይመጣል። በዚህ ሙያ ውስጥ ስሙ እንደ እሱ የገነነ የለም። በ1912 ሩሲያ ውስጥ ተወለደ፤ በ1924 ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ገብቶ ኒውዮርክ አደገ። ሙያው አናጢነት ነበር። ከጓደኛው ጋር ብሩክሊን ውስጥ የፑል ቤት ነበራቸውና እዚያ የመጫወቻ ዱላዎችን ይጠግን ነበር። በ1959 ጥቂት ዱላዎች ሠርቶ ለወዳጆቹ የገና ስጦታ ሰጠ። ሙያው የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1975 እስኪሞት ድረስ የሠራቸው ዱላዎች ከ1,000 እስከ 1,200 እንደሚደርሱ ይገመታል። በዝነኛው የቫዮሊን ሠሪ ስም «የዱላዎች ስትራዲቫሪየስ» እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚገረምበትን ነገር ልንገራችሁ። የባላቡሽካን ዱላ ስታዩ መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚስበው፣ እነዚያ ከመያዣው ወደ ላይ የሚወጡት ሾጣጣ ጌጦች፣ በእሱ እጅ የተሠሩ አይደሉም። ጥሬውን ገላ ከሌሎች ያመጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ የብሩንስዊክን ታይትሊስት የሚባል የፑል ቤት ዱላ ቆርጦ ለሁለት የሚፈታ ያደርገው ነበር። ቀጥሎ ከሺካጎው በርተን ስፔን ገዛ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ከፔንሲልቬኒያው ጋስ ዛምቦቲ። ዛምቦቲም በራሱ ስም ዱላ እየሠራ ታላቅ ዝና ያተረፈ ሰው ነው፤ በ1988 ሲሞት ሙያውን ልጁ ባሪ ቀጠለው።

እንግዲህ ጌጡ የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ፣ የባላቡሽካ የራሱ ምኑ ነው? መጋጠሚያው፣ ሚዛኑ፣ ሻፍቱ፣ የመያዣው ክር አጠቃለል፣ እና አልቀበልም ብሎ የመለሰው እንጨት። እኔ ለመጨረሻው ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ። አንድ ዱላ ሠሪ ምን እንደሠራ ማየት ቀላል ነው፤ ምን እንደጣለ ግን አይታይም። ሻፍት የሚወጣበት ሜፕል ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ቃጫው በመሃል ከጎን ከወጣ፣ ያ ሻፍት ዛሬ ቀጥ ቢልም የዝናብ ወራት ሲመጣ ይጎብጣል። ደህናውም እንጨት ቢሆን በአንድ ቀን ወደ ልኩ አይወርድም። በቶርኖ ላይ ትንሽ ይላጣል፣ ከዚያ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተንጠልጥሎ ያርፋል፣ እንደገና ይላጣል፣ እንደገና ያርፋል። በተላጠ ቁጥር በውስጡ የታመቀው ውጥረት ስለሚፈታ እንጨቱ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። የሚንቀሳቀሰውን ከልኩ ሳይደርስ እንዲጨርስ ጊዜ መስጠት ነው ዘዴው። በመሃል የጎበጠው ወደ ማገዶ ይሄዳል። የድሮዎቹ ጥሩ ሠሪዎች በዓመት ጥቂት ዱላ ብቻ ያወጡ የነበረው ሰነፎች ስለሆኑ አልነበረም።

ወደ ሾጣጣዎቹ ልመለስ፤ ቀርባችሁ እንድታዩልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ብዙ ሰው ጌጥ ብቻ ይመስሉታል። መነሻቸው ግን ጌጥ አልነበረም። የዱላው የፊት ክፍል ቀለል ያለ ሜፕል፣ የኋላው ክፍል ከበድ ያለ ሮዝውድ ወይም ዞጲ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ሚዛኑ ወደ እጅ እንዲመጣ። ሁለቱን እንጨቶች እንዴት ታገናኛቸዋለህ? አፍ ለአፍ በኮላ ብታጣብቃቸው በመጀመሪያው ጠንካራ ምት ይለያያሉ። ስለዚህ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች እርስ በርሳቸው እንዲጠላለፉ ሽብልቅ ለሽብልቅ ይሰካካሉ። ኮላ የሚይዘው ስፋት በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ መሃሉ ላይ ብረት የሚባል ነገር የለም። ታይትሊስቱ እንደዚህ ነበር የሚሠራው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ክንዱ ላይ፣ ማለትም ከመጋጠሚያው እስከ መያዣው ባለው ሜፕል ላይ፣ አራት ቦዮችን ቆፍሮ ሽብልቆቹን ማስገባትና ክንዱን ከመያዣው ጋር በብሎንና በኮላ ማያያዝ ነው። በሽብልቁና በሜፕሉ መካከል በቀለም የተነከሩ ስስ እንጨቶች ይደረደራሉ፤ እነዚያ ጥቁር፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ መስመሮች እነሱ ናቸው።

አሁን አንድ ክንድ በማጉያ መነጽር ሥር እንዳለ አስቡ። ቦዩ ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ፣ ቀስ እያለ ጥልቀቱ የሚያንስ ነው። ሽብልቁ ገብቶ ኮላው ከደረቀ በኋላ ካሬው እንጨት በቶርኖ ሲከበብ፣ ሾጣጣው ቀስ በቀስ ብቅ ይላል። የቦዩ መሠረት የሚያዘነብለው እጅግ በዝግታ ስለሆነ፣ የቶርኖው መሃል በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛባ አንዱ ሾጣጣ ከባልንጀራው በጣት ስፋት በልጦ ይወጣል። አራቱም እኩል ቁመት ያላቸው ከሆኑ፣ ሠሪው መሃሉን አልሳተም ማለት ነው። ሌላም ምልክት አለ። በመጋዝ ከተቆፈረ ቦይ የሚወጣ ሾጣጣ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ኮምፒውተር የሚመራው ማሽን በክብ መቁረጫ የቆፈረው ግን፣ መቁረጫው ራሱ ክብ ስለሆነ፣ ጫፉ ትንሽ ይደነዝዛል። በቅርብ ካላዩት አይታይም፤ አንዴ ካዩት በኋላ ግን ዓይን ሁልጊዜ የሚሄደው ወደዚያ ጫፍ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ እጅ ሥራ ነው። ስለ ጨዋታውስ?

ነጯ ኳስ ስፋቷ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም። ዱላው አብዛኛውን ጊዜ ከ510 እስከ 600 ግራም ይመዝናል። ቆዳው ኳሷን ነክቶ አብሯት የሚቆየው ከአንድ እስከ ሁለት ሺሕኛ ሰከንድ ነው። ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ ይህ ነገር መቶ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ንዝረቱ በሜፕል ውስጥ በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሮጥ እጃችን ላይ ቶሎ ይደርሳል። ከእጃችን ወደ አእምሯችን የሚሄደው መልእክት ግን በነርቭ ነው የሚጓዘው፤ እሱ ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠር ሺሕኛ ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ «ኦ! እንዴት ያለ ምት ነው!» ባላችሁበት ቅጽበት ኳሷ ሄዳለች። ያ የሚጣፍጥ ስሜት ለኳሷ የሚጨምርላት አንዳች ነገር የለም።

ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ቸኩሎ «ታዲያ ስሜቱ ከንቱ ነው» ይላል። እኔ እዚህ ጋ ነው የምለየው። ስሜቱ ለዚያ ምት ምንም ላያደርግ ይችላል፤ ለሚቀጥለው ምት ግን ትምህርት ነው። ጥሩ ዱላ እውነተኛ ምስክር ነው። ኳሷን መሃሏን ስትመታ አንድ ዓይነት ድምፅና አንድ ዓይነት ንዝረት ይሰጥሃል። ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ከሳትክ ሌላ ይሰጥሃል፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት እጅህን ካጠበቅክም ሌላ። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የሚመታ ሰው በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ምስክርነት ይሰማል። እጅ የሚታረመው በዚህ ነው። መጋጠሚያው የላላ፣ ኮላው የለቀቀ፣ ውስጡ ያለው የክብደት ብሎን የሚንቀጠቀጥ ዱላ ግን ሁሉንም ምት በአንድ ዓይነት ዝርክርክ ድምፅ ይመልሳል። ጥሩውም መጥፎውም አንድ ነው የሚመስለው። የድሮዎቹ ምርጥ ዱላዎች ያላቸው ትልቁ ሀብት ይህ ይመስለኛል፦ እንጨቱ ደርቆ ያረፈ፣ ግጥሞቹ ሁሉ ጥብቅ፣ ከቆዳው እስከ ግርጌው እንደ አንድ አካል የሚናገር መሆኑ። ዕድሜው አይደለም ይህን የሰጠው፤ ሲሠራ የተደረገለት ጥንቃቄ ነው። በዚያው ዘመን በግዴለሽነት የተሠሩ ብዙ ዱላዎች ጠረጴዛዬ ላይ መጥተው አይቻለሁ፤ ሃምሳ ዓመት መቆየታቸው ምንም አላሻሻላቸውም።

ስለ መጋጠሚያ ክርክር አጭር መልስ ልስጥ። ባላቡሽካና ተከታዮቹ አይዝጌ ብረት ቀለበት ያለው መጋጠሚያ ይመርጡ ነበር፤ ሌሎች ደግሞ እንጨት ከእንጨት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበትን ይወዳሉ። ብረቱ ትንሽ ክብደት ወደ ፊት ያመጣል፣ ድምፁንም ያደምቀዋል። ልዩነቱ አለ። ግን ሰው በሚጨቃጨቅበት ልክ አይደለም።

ልዩነት የሚያመጣው ቆዳው ነው። አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰውን ዱላ ይዞ መጣ። ሲናገር እንባ ይተናነቀው ነበር፤ «ሞቷል» አለኝ፣ «አባቴ ሲጫወትበት የነበረው ድምፅ የለውም»። አገላበጥኩት። እንጨቱ ቀጥ ያለ ነው፣ መጋጠሚያውም ጥብቅ። ጫፉን በጥፍሬ ነካ አደረግኩት፤ ቆዳው እንደ መስታወት አብረቅርቆ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ማን ያውቃል ከስንት ዓመት በፊት እንደተለጠፈ። ፍቄ አነሳሁት፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ለጠፍኩ፣ በሳንቲም ቅርጽ አጎበጥኩት፣ ጠመኔ ቀባሁት። ሰውዬው ሦስት ኳስ መትቶ ቆመ። ሻፍቱን የቀየርኩበት መስሎት ገልብጦ ምልክቱን ፈለገ። የአባቱ ዱላ እዚያው ነበር፤ የጎደለው ከጥፍር የማይበልጥ ቆዳ ነበር። አንድ ሰው ስለ ድሮ ዱላ ምት ሲነግረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ጫፉ ላይ ምን ቆዳ አለበት?» የሚለውን የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ለድሮዎቹ የማያደላውን እንናገር። ኳሷን ከመሃሏ ወደ ጎን አድርጋችሁ ስትመቱ፣ ዱላው በጠቆመበት መስመር አትሄድም፤ ወደ ተቃራኒው ጎን ትንሽ ታፈነግጣለች። አንድ ሜትር ስትጓዝ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ልትርቅ ትችላለች። ኳስ ለመሳት ከበቂ በላይ ነው። ምክንያቱ የሻፍቱ ጫፍ ክብደት ነው። ኳሷ መሽከርከር ስትጀምር ጫፉን ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ ጫፉ ከባድ ከሆነ አልንቀሳቀስም ብሎ መልሶ ይገፋታል። በዚያች ሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ ጉዳዩ የሚመለከተው የመጨረሻውን አሥራ አምስት፣ ሃያ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ዱላ በመሸጫ ዋጋው ላይ እንጂ በማፈንገጡ ላይ ድርሻ የለውም። የድሮው ሻፍት 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ወጥ ሜፕል ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ቆብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከሌላ ከባድ ነገር ነበር የሚሠራው። ያፈነግጣል። በ1990ዎቹ ፕሬዴተር የሚባለው ኩባንያ ሻፍቱን ከተጣበቁ ክፋዮች ሠርቶ የጫፉን ክብደት ሲቀንስ ማፈንገጡ በግልጽ ቀነሰ፤ ዛሬ ካርቦን ፋይበሩም የሚከተለው ያንኑ መርህ ነው። በዚህ ነገር አዲሶቹ ይበልጣሉ። ይህን የሚክድ የድሮ ወዳጅ ራሱን ያታልላል።

ግን ራምቦና ባላቡሽካ ይህን ሳያስተውሉ ቀርተው ነው? እኔ አይመስለኝም። የሠሩት ለዘመናቸው ጨዋታ ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የሻምፒዮና ጨዋታ ስትሬት ፑል ነበር፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ኳስ ጠርቶ ወደ ፈለገው ቀዳዳ ይከታል፣ ጎበዝ ከሆነ መቶና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ጥበቡ ነጯን ትንሽ በትንሽ ማንቀሳቀስ ነው፤ ከመሃሏ ብዙ ሳይወጡ፣ ከአንዱ ቅርብ ኳስ ወደ ሌላው ቅርብ ኳስ። የጠረጴዛው ጨርቅ ደግሞ ከዛሬው ይልቅ ጸጉራምና ዘገምተኛ ስለነበር ምቱ ጉልበት ይፈልጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ጠጣር፣ የማይወላውል፣ ክብደቱን ሙሉ የሚያስተላልፍ ዱላ ነው የሚያሻው። የስትሬት ፑል ሻምፒዮኑ ዊሊ ሞስኮኒ በ1954 ኦሃዮ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ በአንድ የማሳያ ጨዋታ 526 ኳስ ሳይስት ከተተ። በዘመኑ ዛሬ የምንኩራራበት ሻፍት አልነበረም። ቁጥሩን በማስረጃ የተሻገረው ሰው የተገኘው ከስድሳ አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ጆን ሽሚት በ2019፣ 626። በኋላ ግን ውድድሩ ኳሶቹ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ወደሚመቱበት ወደ ናይን ቦል ዞረ፣ ጨርቁ ፈጠነ፣ ነጯ በጠረጴዛው ዙሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተላተመች እንድትጓዝ ግድ ሆነ። ፋልሶ በየምቱ ገባ። ያኔ ማፈንገጥ የሁሉም ራስ ምታት ሆነ። የድሮውን ዱላ በአዲሱ ጨዋታ ብቻ መዝኖ «ወድቋል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በድሮ ሻፍት የሚጫወት ሰው ማፈንገጡን በዓይኑ ልክ ይማረዋል። ወጥ እንጨት ደግሞ የቃጫው አቀማመጥ ስላለው በአንድ ጎኑና በሌላው ጎኑ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ ጠንቃቃ የሆኑት አንድ ምልክት መርጠው ሁልጊዜ ያንኑ ጎን ወደ ላይ አድርገው ይመታሉ። ይህን ልማድ ያላቸው ሽማግሌ ተጫዋቾች አጋጥመውኛል፤ ለምን እንደሚያደርጉት ሲጠየቁ «አመሌ ነው» ይላሉ። ልክ ነበሩ።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር፤ ከሱ የተማርኩት ይበልጣል። የመጀመሪያዬን የድሮ ዱላ ያገኘሁት ገና ጥገና ሳልጀምር ነው። የ1960ዎቹ ሥራ ነበር። የአየርላንድ ሊነን ክሩ በእጅ ላብ ጠቁሮ ለስልሶ፣ ሻፍቶቹ ወደ ማር ቀለም ተለውጠው፣ ቫርኒሹ ላይ ስስ ስንጥቆች ነበሩበት። እኔ አዲስ እንዲመስል ፈለግኩ። ለአንድ ጥገና ቤት ሰጠሁት፤ «እንደ አዲስ አድርጉልኝ» አልኳቸው፣ እነሱም ያልኳቸውን አደረጉ። ሲመለስልኝ ክሩ ተጥሎ በናይሎን ተተክቷል። ቫርኒሹ ተፍቆ እንደ መስታወት የወፈረ ሌላ ተረጭቶበታል። ከሁሉም የከፋው ግን ሻፍቶቹ ናቸው፤ «እንዲለሰልሱ» ብለው በብርጭቆ ወረቀት ከ13 ሚሊ ሜትር ወደ 12 ያልሞላ አውርደዋቸዋል፣ ከመጋጠሚያው ጋርም ደረጃ ሠርተዋል። ኳስ ስመታ የማላውቀው ዱላ ነበር፤ እንደ ሸምበቆ የሚወዛወዝ። የተላጠ እንጨት ተመልሶ አይለጠፍም። እነሱን ብቻ አልወቅስም፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ግን የድሮ ዱላ ይዞ የሚመጣን ሰው ከዚያ ወዲህ ሳላስቀምጥና ሳላነጋግር አንድ ጠብታ ቫርኒሽ አልነካም። የቆሸሸ ሻፍት በእርጥብ ጨርቅና በትዕግሥት ይጸዳል። የተሰረጎደም ቢሆን በእንፋሎት ይነሳል፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከዚያ ይደርቃል። ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ዱላውን ሳታጋጥሙ ሁለቱን ክፍል ለየብቻ ጠረጴዛ ላይ አንከባልሏቸው፤ ቀጥሎ አጋጥማችሁ አንከባልሉ። በጨርቁና በሻፍቱ መካከል ያለውን ብርሃን ተመልከቱ፤ ብርሃኑ ሲሰፋና ሲጠብ ካያችሁ ጎብጧል። ከዚያ ሻፍቱን በጣቶቻችሁ አንጠልጥላችሁ በእጅ አንጓ ነካ አድርጉት፤ ጥሩ ሜፕል ይደውላል። የኋላውን ክፍል ደግሞ ግርጌውን መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉ፤ ውስጡ የሚንጫጫ ነገር ካለ ኮላው ወይም ብሎኑ ለቋል። ይህ ይጠገናል፤ ዋጋው ውስጥ ግን መግባት አለበት። ከዝሆን ጥርስ ወይም ከብራዚል ሮዝውድ የተሠራ ክፍል ያለው ከሆነ ድንበር ከማሻገራችሁ በፊት ሕጉን ጠይቁ፤ የዝሆን ጥርስ ንግድ ከ1990 ወዲህ፣ የብራዚል ሮዝውድ ደግሞ ከ1992 ወዲህ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ናቸው።

ስለ ስሙም አንድ ነገር። በ1986 ፖል ኒውማንና ቶም ክሩዝ በተጫወቱበት ፊልም ውስጥ አንድ ዱላ በታላቅ ክብር ከሳጥን ወጥቶ ባላቡሽካ ነው ተብሎ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ፑል ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ የዚያን ሰው ስም አወቀ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ዱላ ግን ባላቡሽካ አይደለም፤ ጆስ የሚባለው ኩባንያ የሠራው፣ እሱን እንዲመስል የተመረጠ ዱላ ነው። ጆስን በ1968 ባልቲሞር ውስጥ የመሠረቱት ዳን ጄንስና ቢል ስትራውድም ራሳቸው ታላላቅ ሠሪዎች ስለሆኑ ማንም ልዩነቱን ከስክሪን ላይ ማየት አልቻለም። የባላቡሽካ ስም ደግሞ እሱ ከሞተ በኋላ በፈቃድ በፋብሪካ ምርቶች ላይ ታትሟል። እነዚያ ምርቶች የራሳቸው ደረጃ አላቸው፤ የእሱ እጅ ግን አልነካቸውም። ብዙ ሰዎች «አገኘሁ» ብለው በደስታ ይዘውልኝ መጥተው ይህን መንገር ነበረብኝ፤ ከሥራዬ ሁሉ የማልወደው ቀን ያ ነው። በዘመኑ ብዙ ሠሪዎች ዱላቸውን ስለማይፈርሙ፣ ማንነቱ የሚታወቀው ከቀለበቶቹ አሠራር፣ ከመጋጠሚያው፣ ከግርጌው ላስቲክ፣ ከሾጣጣዎቹ አወጣጥ ነው። ይህን ለማንበብ ብዙ እውነተኛ ዱላዎችን በእጅ ይዞ ማየት ያስፈልጋል። ሰነድ ካለ ደግሞ ሰነዱን ከዱላው ነጥላችሁ አታስቀምጡ።

በቃ፤ ብዙ አወራሁ። አሁን ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደ ጠረጴዛው ኑ። ነጯን እዚህች ነጥብ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ቀጥ አድርጋችሁ መትታችሁ ከወዲያኛው ጠርዝ ተመልሳ የዱላችሁን ጫፍ እንድትነካ ትሞክራላችሁ። በእያንዳንዱ ዱላ አሥር አሥር ጊዜ። ከመሃል ስትስቱ ዱላው ይነግራችሁ እንደሆነ ልብ በሉ፤ የተመለሰችውን ኳስ ከማየታችሁ በፊት «ወደ ቀኝ ሳትኩ» ወይም «ወደ ግራ» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ባልንጀራችሁ ትክክል መሆናችሁንና አለመሆናችሁን ይጽፋል። ጨርቁን የምንፈታው ወረቀቱ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ጠመኔው ጠርዙ ላይ አለ። ማን ይጀምራል?